ሁለተኛው ሹፌር

ጥር 6

ቢሮ። ለፈቃድ የቀረበ የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ንድፍ መርምሬ መለስኩ። ደረጃው በሁለተኛው ገጽ ላይ አሥራ ሰባት እርከን አለው፤ በአምስተኛው ገጽ ላይ አሥራ ስምንት። አንዷ እርከን የት ገባች? ነዋሪው በየቀኑ ወጥቶ ወርዶ ይፈልጋት? ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ ሠላሳ አንድ አስተያየት ጻፍኩ። ንድፉን ያመጣው መሐንዲስ «ጋሼ፣ ሠላሳ እንኳ ቢያደርጉልኝ» አለ። መቀለዱ ነው። ሠላሳ ሁለተኛ ጨመርኩለት። የገጽ ቁጥሩም ተሳስቶ ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ ሦስት መኪና ፍሬቻ ሳያሳይ ታጠፈብኝ። ለሦስቱም መስኮት ዝቅ አድርጌ ነገርኳቸው። አንዱ በእጁ መለሰልኝ። ምልክቱን እዚህ አልጽፈውም።

ሠላሳ ዓመት ነዳሁ። መኪናዬ ላይ አንድ ጭረት የለም። ለምን ሌላው ሰው አይችልም?

ራት ላይ ባለቤቴ የልጃችንን ወሬ ይዛ ቀረበች። እኔና ልጄ ተኳርፈናል ማለት አይደለም... እንነጋገራለን። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» ይኸው ነው። የምህንድስና ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ሲቀራት ትታ ቱታ ከለበሰች ሦስት ዓመቷ። ጋራዧን ረግጬ አላውቅም።

ሁለት ዓመት ሙሉ በእጇ የሠራችውን መኪና ውድድር ልታስገባ ነው። አራት ሰዓት የሚፈጅ ውድድር፤ ሁለት ሹፌር እየተቀያየረ ይነዳዋል። አንዷ እሷ ናት። ሁለተኛው አብሯት የሚሠራው፣ ጥይቱ የሚሉት መካኒክ።

«ጥይቱ ክንዱ ተሰበረ» አለች ባለቤቴ።

«ይሄን አውቄ ነበር! እንደዚያ እየከነፈ...»

«አምፖል ሲቀይር ነው። ከወንበር ወድቆ።»

እስከ የካቲት 3 ሁለተኛ ሹፌር ካላስመዘገበች ቦታዋ ለሌላ ቡድን ይሰጣል። ሁለት ዓመት ላቧን ያፈሰሰችበት... በአንድ አምፖል።

ጥር 7

ደወልኩላት። እኔ። ስልኩ ሦስቴ ጠርቶ ስታነሳ «እማዬን ምን ነካት?» አለች። አባት ሲደውል እንዲህ ይባላል?

«ሁለተኛ ሹፌር ማግኘት ምን ያህል ይከብዳል?»

«የውድድር ፈቃድ ያለው ሁሉ ተይዟል። አዲስ ሰው ማስፈተን ነው ያለው። በአራት ሳምንት ውስጥ ማን ይፈተናል?»

«እኔ።»

ከጀርባዋ መዶሻ ሲመታ ይሰማል። መዶሻው ቆመ።

«አባዬ፣ አንተ እኮ ውሃ ቀጠነ ብለህ የምትጣላ ሰው ነህ።»

«ከውሃ ጋር ተጣልቼ አላውቅም። ከሹፌሮች ጋር ነው።»

«እዚያ ያሉትም ሹፌሮች ናቸው።»

ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» አለችና ሳቀች። በሃያ ስምንት ዓመት ትዳር የሳቅ ዓይነቶቿን ለይቼ አውቃለሁ። ይሄኛው አዲስ ነው።

ለምን «እኔ» እንዳልኩ አላውቅም። አውቃለሁ። አልጽፈውም።

ጥር 9

ጋራዡን አየሁት። ጉድለት ፍለጋ ነው የገባሁት፤ ለራሴ አልዋሽም። ወለሉ ንጹሕ ነው። መፍቻዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ በተርታ ተሰቅለዋል፤ የእያንዳንዱ ቅርጽ ግድግዳው ላይ በቀለም ተስሏል፤ የጎደለ ካለ ወዲያው ይታያል። ማን አስተማራት? እኔ አይደለሁም... ቢሮዬ ውስጥ ማስመሪያዎቼን እንደዚሁ ነው የማስቀምጠው። ግን አላስተማርኳትም።

ሁለት ነገር አገኘሁ። እሳት ማጥፊያው ከበር ጀርባ ተደብቋል፤ አንድ መስኮት ተሰንጥቋል። ነገርኳት።

«አሁን ደስ አለህ?» አለች።

«ትንሽ።»

ጥይቱ ክንዱን በጄሶ አሳስሮ አንድ በርሜል ላይ ተቀምጧል። «ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። ወንበሬን ወሰዱብኝ አይደል?»

«አምፖሉስ?»

«እስካሁን ጨለማ ነው ጋሼ።»

መኪናው ትንሽ ነው። ሰው የሚመቸው ነገር ሁሉ ተነቅሎ ወጥቷል። ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ በብረት ቧንቧ ታቅፏል፤ ቢገለበጥ ሹፌሩ እንዳይጨፈለቅ። በዚያ መሐል ተሹለክልኮ መግባት ነው። ቀኝ እግሬ ገባ። መቀመጫዬ ገባ። ክብሬ ውጭ ቀረ። ሁለቱም ሌላ ሌላ ቦታ እያዩ ነበር፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል።

ጥር 11

የፈተናው መጽሐፍ ስልሳ አራት ገጽ ነው። ሁለት ነገር እፈተናለሁ። አንደኛው በወረቀት፤ ስለ ደንብና ስለ ባንዲራ። ከባንዲራ ጥያቄዎች አንድ የሳተ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢያገኝም ይወድቃል። ሁለተኛው መንዳት፤ ፈታኝ አጠገብ ተቀምጦ።

እስካሁን አሥራ ዘጠኝ የፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ስህተት አግኝቻለሁ።

«የምትማርበት ነው ወይስ የምታርመው?» አለች ባለቤቴ።

ሁለቱንም። ምን ችግር አለው?

ጥር 13

የጤና ምርመራ። ሐኪሙ ደም ግፊቴን እየለካ «ይናደዳሉ?» አለኝ። «አልናደድም» አልኩት። ባለቤቴን ሳል ያዛት። ውሃ አመጡላት።

ጥር 16

የመጀመሪያ ልምምድ፣ በውድድሩ ሜዳ። ልጄ ለልምምዱ አጠገቤ ሁለተኛ ወንበር አሰረች። ተቀመጠች። ቀበቶዬን እሷ አጠበቀችልኝ... ትንፋሼ እስኪያጥር።

የመጀመሪያውን ኩርባ ገባሁ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ...

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ፍሬቻ።»

«ለማን ነው የምታሳየው?»

«ለሥርዓቱ።»

በሁለተኛው ኩርባም አሳየሁ። በሦስተኛውም። እጄ ነው፤ እኔ አይደለሁም።

ከዚያ «ሰፋ በል» ትላለች። የመንገዱን ውጭ ይዘህ ግባ፣ ውስጠኛውን ጥግ ንካ፣ ወደ ውጭ ተለቅቀህ ውጣ። ያ ማለት መሐል መንገዱን አቋርጬ ወደ ሌላ ሰው መስመር መግባት ማለት ነው። አልቻልኩም። ሠላሳ ዓመት ከመስመሬ ወጥቼ አላውቅም።

«መንገዱ ሁሉ እኮ ያንተ ነው!»

«ማን ሰጠኝ?»

«እኔ ሰጠሁህ! ሂድ!»

አንድ ቢጫ መኪና በጎኔ ሽው ብሎ አለፈ። ኩርባውን ቆርጦ፣ ጎማውን ሣር ላይ አውጥቶ። ጥሩምባዬን መታሁ። ጸጥ።

«ጥሩምባው የታለ?»

«አወጣሁት። ክብደት ነው።»

ጥሩምባ የሌለው መኪና... ሰው ንዴቱን በምን ያወጣል? «በነዳጁ» አለች። ተጫንኩት። አይ... ደስ አይልም አልልም።

ጥር 18

የቢሮው ግቢ መግቢያ ላይ ሰፋ ብዬ ገባሁ፣ ጥጉን ነክቼ ወጣሁ። የጥበቃው ሰው ፊሽካ ነፋ። በአድናቆት አይመስለኝም።

ጥር 20

ሁለተኛ ልምምድ። የፍሬቻው ዘንግ የለም። ነቅላዋለች። ቀዳዳዋን በቴፕ ለጥፋ በላዩ ላይ «ይቅርታ አባዬ» ብላ ጽፋለች። እጄ ኩርባው በመጣ ቁጥር አየሩን ይዳብሳል። ግን ዛሬ ሁለቴ ጥጉን ነካሁ። ሁለቴ!

እንዴት እንደምትነዳም አየሁ። ቦታ ተቀያየርን። ፍሬን የምትረግጠው እኔ ከምረግጥበት ሃያ ሜትር ያህል አልፋ ነው። ልናገር አፌን ከፈትኩ... መኪናው ታጠፈ። ልክ ስታጥፈው ታጠፈ። አፌን ዘጋሁ።

ጥር 23

የወረቀት ፈተና። ወደቅኩ።

ጥር 24

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ሃያ ጥያቄ ነው። አሥራ ዘጠኙን በሩብ ሰዓት ጨረስኩ። የመጨረሻው የባንዲራ ጥያቄ ነው። «ቢጫ ባንዲራ ሲውለበለብ አሽከርካሪው ምን ያደርጋል? ሀ. ፍጥነት ይቀንሳል። ለ. ሌላ መኪና አይቀድምም። ሐ. ለመቆም ይዘጋጃል።» አንዱን ምረጥ ይላል። ሦስቱም እኮ ትክክል ናቸው! ሦስት ትክክል መልስ ያለው ምርጫ ጥያቄ አይደለም። አንዱን ብከብ ሁለቱን ሐሰት ማለቴ ነው። አልከበብኩም። ከጎኑ ጻፍኩ፦ «ጥያቄው ጉድለት አለበት። ሦስቱም ትክክል ስለሆኑ ይስተካከል።» አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ወረቀቱን አስረክቤ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ጸሐፊዋ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጠራችኝ። ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረች፤ ከዚያ ገለበጠችው። ጀርባው ላይ፣ ከላይ፣ ብቻዋን፦ «መ. ሁሉም።»

«ገጹን አላገላበጡትም ጋሼ» አለች። በትሕትና ነው ያለችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

አንዷን ምርጫ ከጓደኞቿ ነጥሎ ወደ ጀርባ የሚያሻግር ማን ነው? ይሄ የገጽ አቀማመጥ ነው? በእኔ ቢሮ ይሄ ወረቀት በር አያልፍም! ...ሰው ሁሉ ግን ገልብጦታል። የሃያ ዓመት ልጆች ገልብጠውታል። ሌላው ሰው ገጽ ሳያገላብጥ ሲቀር «ግድየለሽ» ብዬ በቀይ የምጽፍ እኔ ነኝ።

ለልጄ ደወልኩ።

«የጥያቄው አቀማመጥ...»

«አባዬ፣ ወደቅክ?»

«የገጹ...»

«አዎ ወይስ አይደለም?»

«አዎ።»

«እሺ» አለች። ይኸው። «እሺ» ብቻ። ሁሌም ከኔ የምትሰማውን ድምፅ አወቅኩት።

ድጋሚ ፈተና የሚሰጠው የካቲት 2 ነው። ጠዋት ወረቀት፣ ከሰዓት መንዳት። ምዝገባው የካቲት 3 በአራት ሰዓት ይዘጋል። ሌላ ዕድል የለም።

የሦስት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ። ባለቤቴ አነበበችው። «ቆንጆ ነው» አለች። «ሲያነቡት ልጅህን ይመዘግቡልሃል?»

አልላክሁትም።

ጥር 26

ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። ሜትር ይዤ ሄድኩ። ሰው ሲያፍር እጁ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።

ልጄ ከመኪናው ሥር ናት፤ ጫማዋ ብቻ ይታያል። ሥራ ፈትቼ ከምቆም ብዬ የብረት ማቀፊያውን መለካት ጀመርኩ። ቧንቧዎቹ ወለሉን በሚነኩበት ቦታ አራት ማዕዘን ሳህን ብረት ተበይዷል። የሳህኖቹ ጥጎች ተከርክመዋል። ቆምኩ... ጥጉ ሹል ከሆነ ላሜራውን ይቀድደዋል፣ ይከርከም ብሎ የሚጽፍ እኔ ነኝ። ሁልጊዜ። ሌላ ሰው ሲጽፈው አይቼ አላውቅም።

አግዳሚውን አየሁ። መጋጠሚያውን አየሁ። ይሄን የት ነው ያየሁት?

ትዝ አለኝ። ትምህርቷን በተወች በሁለተኛው ወር ነው። አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዛ መጣች። «እስኪ እየው አባዬ» አለች። ተናድጄ ነበር። አየሁት፤ ሃያ ሦስት ቦታ በቀይ ሞላሁት፤ ከታች «ያልተጨረሰ ትምህርት ያስታውቃል» ብዬ ጻፍኩበት። ወሰደችው። ዳግመኛ ስለሱ አላነሳችም። ዳግመኛ ስለ ምንም አላነሳችም።

«ይሄ ንድፍ...» አልኩ ለጫማዋ።

ወጣች። እጇን ጠረገች። የብረት ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ወረቀቱ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፏል። በቀይ ከጻፍኩት ጎን ጎን በእርሳስ ምልክት አድርጋለች። ተሠርቷል፣ ተሠርቷል፣ ተሠርቷል። ቆጠርኩ። ሃያ ሁለት።

«አሥራ አንደኛውስ?»

«ተሳስተህ ነበር።»

በርሜሉ ላይ ተቀምጦ ዳቦ የሚበላው ጥይቱ ማኘኩን አቆመ።

ወረቀት ስጪኝ አልኩ። አሰላሁ። ከሹፌሩ በላይ በግራ በኩል አንድ ተጨማሪ ቧንቧ ይግባ ብዬ ነበር። ለጥንካሬው ልክ ነው። ድጋሚ አሰላሁ። ልክ ነው! ቀና ብዬ ልነግራት ስል የመጥረጊያ እንጨት ይዛ ቆማለች።

«ሄልሜትህን አድርግና ግባ።»

ገባሁ። እንጨቱን ቧንቧው እንዲሆን ባዘዝኩበት ቦታ ያዘችው። «እስኪ ወደ ግራ ታጠፍ።» ጭንቅላቴ ከመሪው ጋር ወደ ግራ ዘመመ። ቷ! ሄልሜቴ እንደ ደወል ጮኸ።

እኔ ብረቱን ነበር ያየሁት። እሷ የሚቀመጠውን ሰው። የሚቀመጠው ሰው ደግሞ እኔ ሆንኩ።

«ትክክል ነሽ» አልኩ።

ጥይቱ ከበርሜሉ ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈ። ሁለተኛ ክንድ ሊሰበር ነበር።

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ከታች ያለችውን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኳት። ሁለት ጊዜ፣ አጥብቄ። ልጄ ቁም ሣጥኑን ዘጋችና ተመልሳ ከመኪናው ሥር ገባች። ግን ትንሽ ቆይታ እጇ ብቻ ወጣ። «አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ አቀብለኝ።»

አሥራ አራት ሰጠኋት። መለሰችልኝ።

ጥር 29

ባለቤቴ ባንዲራ እያስጠናችኝ ነው። ከሥራ ስገባ ኮሪደሩ ላይ ቢጫ ፎጣ ታውለበልባለች፤ ቀስ ብዬ ማለፍ አለብኝ። ቀይ ከሆነ ጉዞው ቀርቷል፣ ወደ መነሻዬ መመለስ። ጥቁር ከሆነ አጥፍቻለሁ፣ ከጨዋታ ወጥቼ መገሰጽ። ጥቁሩን ትወደዋለች።

ዛሬ ጠዋት ሰማያዊ አውለበለበች። ከኋላዬ የፈጠነ አለ፣ አሳልፍ ማለት ነው። ግድግዳውን ተጠጋሁ። ቀድማኝ መታጠቢያ ቤት ገባች። አርባ ደቂቃ። ሕግ ነው፤ ምን ይደረጋል?

የካቲት 2

ጠዋት ወረቀቱን ተፈተንኩ። እያንዳንዱን ወረቀት ገለበጥኩ። ባዶውንም ገለበጥኩ። ጸሐፊዋ ከጠረጴዛዋ ሆና ታየኛለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች። አለፍኩ። ሃያ ከሃያ።

ከሰዓት፣ መንዳቱ።

ፈታኙን ጎረምሳ ነው ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆናቸው አጭር ሴት መጡ። ሄልሜታቸው ላይ ቀለሙ ተልጧል። የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ፣ በቦርሳው ላይ ቀበቶ አሰሩ። ሰሌዳና እርሳስ አወጡ። እርሳስ! በእርሳስ የተጻፈ ውጤት ማንም ሊያጠፋው... ምላሴን ነከስኩ።

«ፍጥነት አልፈልግም» አሉ። «ስድስት ዙር ይንዱልኝ። ስድስቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ሰውና መኪና ሳይጎዱ ይመልሱኝ። ሌላ የሚጠይቁት አለ?»

ብዙ ነበረኝ። «የለም» አልኩ።

የመጀመሪያው ዙር ላይ እጄ አንዴ ፍሬቻ ፈለገ። አዩት። ጻፉ። ምን ጻፉ? ሁለተኛው ዙር ደህና። ሦስተኛው ከሁለተኛው ጋር አንድ ሆነ። የምረግጥበት ቦታ፣ የምዞርበት ቦታ፣ ልክ በልክ። አንድን ነገር ሳያዛንፉ ደጋግሞ መሥራት... ሌላ ምን ችሎታ አለኝ? ይሄው በመጨረሻ የሚፈልገው ሰው ተገኘ። ሊስቅብኝ ያልመጣ ሰው።

አራተኛው ዙር። ስፖኪዮ ውስጥ አንድ መኪና። ቢጫው ነው! ያ ኩርባ ቆራጩ። ዛሬም ይቆርጣል። ጎማው ሣር ላይ፣ አቧራ እያስነሳ፣ ከኋላዬ ተለጠፈ። ሰማያዊ ባንዲራ ወጣ። አሳልፍ።

አየሁት። መጽሐፉን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ገጽ ሠላሳ ሰባት። ግን ይሄ ሰውዬ ትክክል እየነዳ አይደለም። ቆርጦ የደረሰብኝን ቦታ ለምን እሰጠዋለሁ? ደንብ ለሚያፈርስ ሰው ደንብ አክብሬ ልለቅለት? እጄ ጠበቀ። ባንዲራው ሁለተኛ ቦታ ላይ ወጣ። እየተውለበለበ።

«ይሄ ሰው ኩርባውን በሙሉ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ልጄ» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እሱን ፈትን ማን አለህ?»

ልጄ! በሃምሳ አራት ዓመቴ።

«እሱን የምፈትነው እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ሰዓት አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ያኔ ያየኛል። አንተ አሁን ያንተን ንዳ።»

ኩርባው እየደረሰ ነው። ሳላሳልፈው ኩርባውን ከዞርኩ ባንዲራውን ጥሻለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ፣ ነገ አራት ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል፣ ልጄ ሁለት ዓመት የሠራችውን መኪና ሸራ ታለብሰዋለች። ይሄ ሁሉ በአንድ ቢጫ መኪና...

በቀኝ በኩል ቦታ ሰጠሁት። ነዳጁን ትንሽ አነሳሁ። ሽው ብሎ አለፈ። አመሰግናለሁ እንኳ አላለም። ምን ይደረግ? አልሞትኩም። አምስተኛውን ዙር ነዳሁ፤ ስድስተኛውን ነዳሁ። ልክ እንደ ሁለተኛው።

ቆመን ሞተሩን ሳጠፋ ጸጥታው ጆሮዬን አመመኝ። እሳቸው ይጽፋሉ። ቀስ ብለው። አንድ ቦታ በላጲስ አጠፉ፤ መልሰው ጻፉ። ሰው ቢሮዬ ሲመጣ፣ እኔ ስጽፍ፣ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ቆሞ ጣቶቹን የሚያሻሽ... እንዲህ ነው የሚሰማው? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም አልነገረኝም። ማን ይንገረኝ?

ሰሌዳውን አዞሩልኝ። ከታች አስተያየት አለ፦ «መሪውን እንደ ተያዘ ሌባ አንቆ ይይዛል።»

«በየትኛው ዙር?» አልኩ።

«በሁሉም።»

«ይሄ ግን...»

«ልጄ፣ አልፈሃል እኮ። ልትከራከር ነው?»

እውነቱን ልጻፍ። ትንሽ ልከራከር ነበር። ወጣሁ።

ልጄ ከመስታወቱ በር ውጭ ቆማለች። ጥፍሯን ትበላለች፤ ግሪስ ያለበትን ጥፍር።

«እህ?»

«መሪውን አንቃለሁ ተባልኩ።»

«አባዬ! አለፍክ ወይስ ወደቅክ?»

«አለፍኩ።»

ተጠመጠመችብኝ። ሄልሜቴን እንዳላወለቅኩ ሁለታችንም ረስተናል። ግንባሯ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጣ። በረዶ ፍለጋ ስሮጥ ሳቋ ከኋላዬ ይሰማኛል። መቼ ነው መጨረሻ የሰማሁት? ... አላስታውስም። ብዙ ጊዜ ነው።

የካቲት 3

ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ተመዘገብን። ቅጹ «የውድድር ልምድ» ይላል። «አንድ ቀን» ብዬ ጻፍኩ። ልጄ ከትከሻዬ በላይ አንብባ «ግማሽ ነው እንጂ» አለች። ትክክል ናት። አረምኩት።

የካቲት 8

ለዚያ መሐንዲስ፣ የደረጃው፣ አርሞ ያመጣውን ንድፍ ዛሬ መለስኩለት። አስተያየት አርባ። ምን? ስህተት ስህተት ነው። ግን ወንበር ስቤ አስቀመጥኩትና አንድ በአንድ ነገርኩት። ሲወጣ በሩ ላይ ዞሮ «ጋሼ፣ አሞዎታል?» አለኝ።

የካቲት 17

አሥራ ስድስተኛ ወጣን። ከሃያ ሁለት። እኔ በነዳሁበት ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ጊዜ መኪና አለፈኝ። ቆጥሬያለሁ። ባለቤቴ ከሕዝቡ መሐል በእያንዳንዱ ስታጨበጭብ እንደነበረ ጥይቱ ነገረኝ። ለማን ነበር የምታጨበጭበው? «ለሚያልፉት ነው ጋሼ። በጣም ተዝናንታለች።»

እኔም ሁለት ሰው አለፍኩ። አንዱ ጎማው ተንፍሶ ቆሞ ነበር። አልፌዋለሁ፤ ይቆጠራል።

ወገቤ አልታጠፍ ብሎኛል። ጣቶቼ ያበጡ ይመስላሉ። መሪውን ማነቄ እውነት ነበር።

አንድ ነገር ግን መጻፍ አለብኝ። የሹፌር ቅያሪው ሰዓት ነው። ልጄ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓት ነድታ ገባች፤ ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ሞተሩን አላጠፋችውም። ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች። እኔ ለብሼ፣ ሄልሜት አድርጌ፣ ቆሜያለሁ። ስለ ጎማው ንፋስ እየነገርኳት ነበር። ከዚያ ስለ አራተኛው ኩርባ። ከዚያ መግቢያው ላይ ያለው ምልክት ተጣሞ መሰቀሉን...

«አባዬ፣ አንዴ ዝም በል። ልስማው።»

ዝም አልኩ።

አንገቷን አዘነበለች። ዓይኗን ጨፈነች። ሌሎቹ መኪኖች በጎናችን እያገሱ ያልፋሉ፤ እያንዳንዱ የሚያልፍ ከኛ ደቂቃ ይወስዳል። እኔም ጆሮዬን አቀናሁ። ሞተር ነው። ሌላ ምንም አልሰማሁም። ምን እንደምትሰማ፣ በምን እንደምትለየው፣ ልክ ትሁን አትሁን... የማረጋግጥበት አንድም መንገድ የለኝም።

አንድ ነገር በሁለት ጣቷ ነካች። እንደገና ሰማች። ኮፈኑን ዘጋችው።

«እሺ» አለች። «ግባ።»

ምን ነበር ብዬ አልጠየቅኩም። ገባሁ።